ካንድ የሚጀምረው ኮምፒውተር

በጓዳው በር አጠገብ ያለው ጥግ አሁን የድንች ጆንያ ተቀምጦበታል። ያን ሰሞን ግን ጠረጴዛ ነበረበት፤ ጠረጴዛው ላይ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ኮምፒውተሩ ፊት ደግሞ የልጅ ልጄ። ማሽኑ ሲሠራ ውስጡ ያለው ማራገቢያ ያጉረመርማል። መጀመሪያ ራሴን ያዞረኝ ነበር። ዛሬ ዳባት ገበያ ውስጥ ከአንዱ ሱቅ እንዲያ ያለ ድምፅ ሲወጣ ስሰማ፣ የያዝኩትን ይዤ ቆም እላለሁ።

ይህን የምጽፈው የልጅ ልጄ በስልክ «እምዬ፣ አንቺ ጻፊው፤ እኔ ብጽፈው ራሷን አመሰገነች ይሉኛል» ስላለችኝ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ እስከ አራተኛ ክፍል ገፍቼ አቋረጥኩ። ያየሁትን ለመጻፍ ግን ይበቃል።

ነገሩ የሚጀምረው ከውሃ ነው። ከዳባት ወረድ ብሎ ባለው ሰፈራችን አሥራ አምስት ቤት ባንድ ቦይ እንጠቀማለን። ዝናቡ ሲያቆም ነጭ ሽንኩርትና ድንች የምናለማው በዚያ ውሃ ነው። ለያንዳንዱ ቤት አንድ ቀን ይደርሰዋል፤ ሁሉም ሲዳረስ ከመጀመሪያው ይዞራል። ወሩ ሠላሳ ነውና እያንዳንዱ ቤት በወር ሁለት ቀን አለው። ተራውን የሚያስከብሩት «የውሃ አባት» የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው። ሲያዩት ፍትሕ ይመስላል። እኔም ስንት ዓመት ፍትሕ መስሎኝ ኖሬያለሁ።

ከአጥሬ ማዶ ባሏ የሞተባት ጎረቤት አለችኝ። የሷ ተራ አሥራ ሁለተኛ ነበር። ወር በገባ በአሥራ ሁለት ሚካኤል ነው። ከዚያ አሥራ አምስት ቀን ተቆጥሮ ሲመለስላት ሃያ ሰባት፣ መድኃኔዓለም። በሁለቱም ቀን በደብራችን ዶማ አይነሳም። ሌላው ሰው ቢበዛ አንድ ቀኑን ለበዓል ይሰጣል፤ እሷ ግን ሁለቱንም ትሰጥ ነበር። ውሃው በሷ ቀን ማንንም ሳያጠጣ ወደ ገደሉ ይወርዳል። በማግስቱ የአሥራ ሦስተኛው ሰው ቀን ነው። እሷ እንግዲህ ከዚህም ከዚያም ግማሽ ቀን እየለመነች ታለማለች። ቀልደኛ ናትና ሲጠይቋት «ሽንኩርቴን ሚካኤል ራሱ ያጠጣልኝ እንጂ ምን አደርጋለሁ!» ትላለች። እኛም እንስቅ ነበር። የእኔ ተራ አሥርና ሃያ አምስት ስለነበር መሳቁ አይከብደኝም።

የልጅ ልጄ ጎንደር ተምራ ጨርሳ፣ ሥራ አጥታ እኔ ዘንድ መጥታ ነበር። አንድ ቀን ሽንኩርት እየኮተኮትን ይህንን ቀልድ ሰማች፤ አልሳቀችም።

«እምዬ፣ አሥራ አምስት እኮ ሠላሳ ውስጥ ሁለቴ በትክክል ይገባል።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ ይቺ ሴትዮ ከሚካኤልና ከመድኃኔዓለም መቼም አትወጣም። ልጇም አይወጣም። የልጅ ልጇም አይወጣም።»

ዶማዬን ጥዬ በቀጥታ ወደ ውሃ አባት ሄድኩ። «ዕጣዋ ነው» አሉኝ። «ዕጣማ አንድ ጊዜ ይወጣል እንጂ ዕድሜ ልክ አይወጣም» አልኳቸው። ተሰበሰብን። በዓሉን እየዘለልን፣ ተራው እየተገፋ እንዲሄድ በወረቀት ጻፍን። የጻፈው የአንዱ ወንድም፣ የሌላው አማች ሆነና ሦስት ወረቀት ተቀደደ። በመጨረሻ የውሃ አባት «የሰው እጅ ዘመድ አለው» ብለው ተነሱ።

የልጅ ልጄ ያን ጊዜ ነው «ማሽን ዘመድ የለውም» ያለችው። ዕጣውን የሚያወጣ፣ በዓሉን እየዘለለ የዓመቱን ተራ በአማርኛ ፊደል የሚያሳይ ፕሮግራም እሠራለሁ አለች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «እስከ ጥቅምት የመጨረሻው እሑድ አምጪ» አሏት። «ካላመጣሽ ዘንድሮም በድሮው ተራ ነው፤ ከኅዳር አንድ ጀምሮ ውሃው ይለቀቃል።»

ኮምፒውተሩን ደባርቅ ካለ አንድ ነጋዴ ገዛነው፤ ስልክ የሚጠግን፣ አሮጌ ዕቃም የሚሸጥ ረጋ ያለ ሙስሊም ሰው ነው። በጋቢዬ ጠቅልለን በሚኒባስ አመጣነው። ፕሮግራሟን ለመጀመር ግን አንድ ነገር ጎደላት።

«ፍሬምወርክ ይባላል እምዬ። ማገር በይው። መስኮቱን፣ የሚጫኑትን ቁልፍ፣ ፊደሉን የሚሸከመው እሱ ነው። እኔ የምሠራው በዚያ ላይ የሚመረገውን ጭቃ ነው።»

«ማገሩስ ከገበያ አይገኝም?»

«ተሠርቶ ያለቀ አለ፤ ግን ለአዲስ ማሽን የተሠራ ነው፤ የኛ ሽማግሌ ማሽን አልቀበልም አለ። ስለዚህ ጥሬውን፣ ሶርስ ኮዱን አምጥቼ እዚሁ እሱ ላይ እሠራዋለሁ።»

«እንጨቱን ከጫካ ቆርጠሽ በይኛ!»

«ቆርጬ፣ ፈልጬ፣ አቁሜ።»

ጥሬውን በፍላሽ ለማምጣት ጎንደር ሄደች፤ ሁለት ቀን ቆየች። በነዚያ ሁለት ቀኖች ነው እኔ ጥፋቴን ያጠፋሁት።

ከመሄዷ በፊት ማሽኑን ከፍቼ በካርታ መጫወት አስተምራኝ ነበር። ጠዋት ቡናዬን ከጠጣሁ በኋላ ተቀምጬ ስጫወት፣ ታች ጥግ ላይ ሰዓቱን አየሁ። ዘጠኝ ሰዓት ይላል። ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው! እኔ ውሸት ቤቴ ውስጥ ሲቀመጥ አልወድም። ሰዓቱን ጫን ሳደርገው ትንሽ መስኮት ከፈተ፤ ዓመተ ምሕረቱም በሰባት ዓመት ቀድሞን ሄዷል። ጎንና ጎኑ ላይ ትንንሽ ቀስቶች አሉ። እነሱን እየተጫንኩ ሰዓቱን ወደ ሦስት፣ ዓመቱን ወደ እኛው ዓመት መለስኩት። በራሴ በጣም ኮራሁ። «እኔ ቤት የገባ በእኔ ሰዓት ይኖራል» ብዬ ለድመቷ ነገርኳት።

የልጅ ልጄ ስትመለስ አልነገርኳትም። ደብቄ አይደለም፤ ያጋደለ ሥዕል እንደማቃናት አድርጌ ረሳሁት። እሷም ጥጉን ብታይ ሦስት ሰዓት ሲሆን ሦስት ይላል፣ ስድስት ሲሆን ስድስት ይላል። ለዳባት ሰው እንደዚያ ያለ ሰዓት ምን ስህተት አለው?

ሥራው ተጀመረ። ጥቁሩ መስኮት ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እንደ ጎርፍ ይወርዳል። ጽሑፉን አላነብም፤ ከመስመሩ ፊት ግን ቁጥር አለ፤ ከመቶ ስንት እንደደረሰ የሚናገር። እሱን አነባለሁ። «ማሽኑ አሮጌ ስለሆነ ሦስት ቀን ይፈጃል» አለችኝ። ተራ ገባን። እሷ ማሳ ስትሄድ እኔ ቁጥሩን እጠብቃለሁ፤ ስትመለስ ከበር ላይ «ስንት?» ትለኛለች፣ «ሃያ ሦስት» እላታለሁ። «አንቺ ሃያ ሦስት ላይ ቀረሽ እንዴ!» ትልና ትስቃለች። አቧራ እንዳይገባበት ወንፊት በሻሽ ሸፍኜ ከጎኑ አቆምኩለት። እንዳይግልም በእንቅብ ክዳን አራግብለት ነበር። ጥቅም ይኑረው አይኑረው አላውቅም፤ «አቁሚ» ብላኝ ግን አታውቅም።

ልጅ ሳለች እንኳ እንደዚያ አብረን ተቀምጠን አናውቅም። ቁጥሩ እስኪወጣ ምን እንሠራለን? አናቷን ሹሩባ እሠራታለሁ፤ እሷ የአባቷን ልጅነት ትጠይቀኛለች። አርባ ሁለት ላይ ስለ ሠርጌ ነገርኳት። አርባ ስድስት ላይ መብራት ሄደ።

«አይዞሽ እምዬ» አለችኝ፤ «የሠራውን አይደግምም። መብራት ሲመጣ የተሠራውን እያየ ያልፍና ካቆመበት ይቀጥላል።»

መብራት መጣ። ማሽኑ አንድ አለ። ሁለት አለ። ቶሎ ቶሎ ያልፈዋል ስንል እንደ መጀመሪያው ቀን እያዘገመ፣ ሁሉንም እንደ አዲስ ይሠራ ጀመር። በማግስቱ ሠላሳ አንድ ላይ ሄደ፤ ሲመለስ ካንድ። ከዚያ አምሳ ሁለት፤ ከዚያም ካንድ። እንዲህ እያልን ሳምንት አለፈ። ልጅቷ ምግብ አስጠላት። በስልኳ ትፈልጋለች፣ ትተይባለች፣ ትሰርዛለች። ጎረቤቴ ባጥር ላይ አንገቷን አውጥታ «ማገሩ ቆመ ወይ?» ትለኛለች። «እየቆመ ይወድቃል» እላታለሁ። «እንግዲህ ሚካኤል ያውቃል» ትልና ትመለሳለች፤ ያን ጊዜ ግን አትስቅም።

ጥፋተኛውን እኔ አገኘሁት ብዬ አሰብኩ። ነጋዴው ነው! የተበላሸ ማሽን ሸጦልናል። ዓርብ ጠዋት ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልዬ፣ የልጅ ልጄን አስከትዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

«እናቴ፣ ቴሌቪዥን ነው?» አለኝ ረዳቱ።

«ሌባ ነው። ለባለቤቱ ልመልሰው ነው።»

ደባርቅ የደረስነው ሰው ከመስጊድ ሲወጣ ነው። ሱቁ ፊት ለፊት ቆሜ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ፣ አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩ። «ለደሃ ልጅ የሞተ ሬሳ ትሸጣለህ! አላህን አትፈራም?» አልኩት። ሰዉ ከበበን። ሰውየው ማሽኑን ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ለእኔ በርጩማ ሰጠኝ፣ ከዚያም ሻይ አዘዘልኝ። የልጅ ልጄ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ከፈተው። ጥቂት አየና ቀና አለ።

«እናቴ፣ ይኸ ማሽን እኮ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል።»

የልጅ ልጄ ግንባሯን በመዳፏ መታች። «ቀኑ! አየሽ እምዬ፣ ማሽኑ አንድን ነገር ሠርቻለሁ ወይስ አልሠራሁም የሚለው ቀኑን እያየ ነው። ጥሬው የመጣው ባሁኑ ቀን ነው፤ የሚሠራው ላይ ግን ከሰባት ዓመት በፊት ያለ ቀን እየጻፈበት ነው። ዱቄቱ ከእህሉ በፊት ተፈጨ ቢሉሽ ታምኛለሽ? እሱም አላመነም፤ እህሉን መልሶ ይፈጫል። እዚያ የጽሑፍ ጎርፍ ውስጥ አስጠንቅቆኝ ነበር፤ አይቼ አለፍኩት።»

ነጋዴው አንገቱን ደፋ። «ቀኑን የምትይዘው ትንሿ ባትሪ ሞታ ይሆናል። ሳልፈትሽ ነው የሸጥኩላችሁ። ልክ ነዎት እናቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።» ባትሪዋን አውጥቶ አዲስ ገጠመ፤ ቀኑን አስተካከለ፤ ዋጋ አልቀበልም አለ። የከበበን ሰው «እንዲህ ነው እንጂ» እያለ ተበተነ።

እኔ እዚያው በርጩማው ላይ ተቀምጫለሁ። እነዚያ ትንንሽ ቀስቶች ዓይኔ ላይ መጡ። በዕድሜዬ ሰው ፊት ምላሴ የታሰረው ያን ቀን ብቻ ነው። ማሽኑን በጋቢዬ ጠቅልለን ተመለስን።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰብን። ማሽኑ ቤት ውስጥ እየሠራ ነው፤ ቅዳሜ መብራት ሁለቴ ሄዶ ሁለቴም ካቆመበት ቀጥሏል። ስንወጣ ስልሳ ስምንት ላይ ነበር። ግን ስልሳ ስምንት መቶ አይደለም።

«ዕጣ አውጪው ሳጥን የታለ?» አሉ የውሃ አባት።

«ሁለት ቀን ስጡን አባ» አለች የልጅ ልጄ። «ባትሪው ሞቶ ነው ሳምንት ሙሉ የጠፋብን።»

«የደባርቅ ነጋዴ እጅ ገብታችሁ ነዋ!» አለ አንዱ። «ያ ሰውዬ ዓይንሽ እያየ ያታልላል!» ሳቁ። ሌላውም የሰማውን ጨመረ። ማታለሉ እየበዛ ሄደ። ጎረቤቴ ከሰዉ ዳር ተቀምጣ በስንጥር መሬት ትጭራለች። ድሮውንም አላመነችም ነበር መሰለኝ።

ተነሳሁ።

«ባትሪው አልሞተም» አልኩ። «ሰውየውም አላታለለንም። ሰዓቱንም ዓመቱንም ወደ እኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ። ዓርብ ዕለት ገባኝ፣ አፈርኩ፣ ዝም አልኩ።»

የልጅ ልጄን ለማየት አልደፈርኩም።

የውሃ አባት ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «እቴ፣ አምና አንዱ የሰፈራችን ሰው በተራው ቀን በሬው ገደል ሲገባበት፣ ግማሽ ቀን ይጨመርለት ስንል ‹ተራ ተራ ነው› ያልሽ አንቺ አልነበርሽም?»

«እኔ ነበርኩ።»

«ዛሬ ሁለት ቀን ይጨመርልኝ ልትዪን ነው?»

«አልልም። ተራ ተራ ነው። ዘንድሮ በድሮው ይሁን። ግን የእሷን ቀን ያቃጠልኩት እኔ ስለሆንኩ የእኔን ቀን ትውሰድ። አሥርና ሃያ አምስትን ለእሷ፣ አሥራ ሁለትና ሃያ ሰባትን ለእኔ ጻፉ።»

ጎረቤቴ ስንጥሩን ጣለች። «ሽንኩርትሽስ?»

«እንዳንቺው ሚካኤል ያጠጣልኛል።»

ሰዉ ሳቀ። እሷ ግን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ወደ ሌላ ዞረች።

ወደ ቤት ስንመለስ የልጅ ልጄ ከፊቴ ፊቴ ሄደች። በሩ ጋ ስንደርስ ቆመች። «አሥራ አንድ ቀን እምዬ! አሥራ አንድ ቀን እንቅልፍ አልተኛሁም እኮ!» አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። «ብትቆጪኝ ሐቅሽ ነው» አልኳት። ልትቆጣ አፏን ከፈተችና፣ ምን እንደታያት እንጃ፣ ሳቋ አመለጣት። «ደግሞ እኮ ሰዓቱ ትክክል ነበር! ስንት ጊዜ እሱን እያየሁ ምሳ በላሁ!» አለች። በሩን ተደግፈን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ውስጥ ማሽኑ ሰባ አንድ ላይ ነበር።

ማክሰኞ ቀትር ላይ ከማሳ ጠራችኝ። ዶማዬን እንደያዝኩ ገባሁ። መቶ ይላል፤ ማገሩ ቆሟል። ከዚያ አንድ ነገር ነካች፤ ነጭ፣ ባዶ፣ መዳፍ የምታክል መስኮት ወጣች። አናቷ ላይ በአማርኛ «ተራ» የሚል ተጽፎባታል፤ ሌላ ምንም የለባትም። እንዲያ ያማረ መስኮት እስካሁን አላየሁም።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ደባርቅ ሄድኩ። ሌላ ቀን መሄድ እችል ነበር፤ ግን ነጋዴውን የሰደብኩት ሕዝቡ ከመስጊድ ሲወጣ ነበርና ይቅርታዬንም እነዚያው ሰዎች ሊሰሙት ይገባል። መንገዱ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ሱቁ ፊት ያንኑ ያህል ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ነጋዴው ጠረጴዛውን ይዞ ሳቀ፤ ከዚያ ተወው። «እናቴ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «እኔ እኮ ሳምንቱን ሙሉ ለስንት ሰው የሞተ ማሽን ሸጥኩ እያልኩ ስፈትሽ ነው የከረምኩት።» ከስድቡ ይልቅ ይኸ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ።

ኅዳር አሥር ቀን ውሃው በእኔ ማሳ ጥግ አልፎ ወደ ጎረቤቴ ሄደ። ሙሉ ቀን የራሷ ውሃ ነበራት። አጥሩ ላይ ቆሜ ሳያት ተቆጣችኝ፤ «አትመልከቺኝ አንቺ፣ እጄ ይፈታል!» አለች። ፊቴን አዞርኩላት። የእኔ ሽንኩርት ያን ዓመት የአውራ ጣቴን ጫፍ አከለ።

በቀጣዩ ጥቅምት የዕጣው ቀን ደረሰ፤ ፕሮግራሙም አልቆ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ እኛ ቤት ገባ፤ በር ላይ የቆመም ነበር። የውሃ አባት ራሳቸው በአውራ ጣታቸው ተጫኑ። አሥራ አምስት ስም ተራ በተራ ወጣ። ጎረቤቴ ሦስተኛ ወጣች። እልልታ ሆነ። እኔ ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች አነበብኩ፤ ወረድኩ፣ ወረድኩ፤ መጨረሻው ላይ ራሴን አገኘሁት። አሥራ አምስተኛ።

የልጅ ልጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «እምዬ፣ አምናም ከስረሻል። ማሽኑ ተሳስቷል ብዬ ልድገመው?»

«እጅሽን ሰብስቢ» አልኳት። «ማሽን ዘመድ የለውም ያልሽው አንቺ ነሽ።»

በዚያው ዓመት ሥራ አግኝታ አዲስ አበባ ሄደች፤ ኮምፒውተሩንም ይዛው ሄደች። ጎረቤቴ በተራዋ ዋዜማ መጥታ በር ላይ ቆመች። «ከቀኔ ግማሹን ውሰጂ» አለችኝ።

«ተራ ተራ ነው።»

«አንቺስ አትለወጪም!» ብላ እየሳቀች ሄደች። እኔም አሥራ አምስተኛው ተራዬ እስኪደርስ ጠበቅሁ።